የወሬ ሐኪም

ታኅሣሥ 3 ቀን 1988

የጋምቤላ ሙቀት። ገና ታኅሣሥ ነው እኮ! የካቲት ሲመጣ ምን ሊውጠን ነው?

ችሎት ዋልኩ። የፍየል ክስ፣ የአጥር ክስ፣ ከዚያ የስድብ ክስ። ለማስተርጎም ከሁሉ ስድብ ይከብዳል። በእኛ በአኙዋክኛ ደም የሚያፈላው ቃል አማርኛ ላይ ሲደርስ ምርቃት መሰለ። ዳኛ ሰብስቤ መነጽራቸውን አውልቀው «ታዲያ ይሄን ሰውዬ ምን አስቆጣው?» አሉ። ምን ልበል? «አስተርጓሚው ከዚህ የተሻለ ቃል የለውም፣ ክቡር ዳኛ» አልኩ።

የሥራችን ሕግ እንዲህ ነው፦ ባለጉዳዩ «እኔ» ሲል አንተም «እኔ» ትላለህ። ለራስህ መናገር ካለብህ ግን «አስተርጓሚው» ነህ። «አስተርጓሚው አልሰማም፣ ይደገምለት።» እናም ዛሬ እኔ ፍየል ሰረቅኩ፣ ካድኩ፣ አጥር አፈረስኩ፣ ተሰደብኩ፣ ካሣ ጠየቅኩ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ ዝም አልኩ።

ቤት ማንም የለም። ባለቤቴ አጓ በመስከረም «እናቴ ጋ ትንሽ ልረፍ» ብላ አቦቦ ሄደች። ትንሽ ማለት ስንት ነው? ይሄን ማስታወሻ በአማርኛ የጀመርኩት እሷ እንዳታነበው ነበር፤ የእሷ አማርኛ የገበያ ነው። አሁንስ ከማን ነው የምደብቀው? ከጉንዳን?

ጥሩነሽ ሽሮ ላከችልኝ። በሰፈራው ጊዜ ከወሎ የመጣች ጎረቤቴ ናት። ሽሮው ጨው ብቻ ነው። «ጣፈጠህ?» ስትለኝ «በጣም!» አልኩ።

ታኅሣሥ 6

አጎቴ ኦቹዶ ከአቦቦ ተመለሰ። በእኛ ወግ ባል አማቶቹ ፊት ራሱ አይለፈልፍም፤ ታላቁ ይናገርለታል። እሱም አጓን መልሱልን ሊል ነበር የሄደው። ጥርሱን እየፋቀ መጣ። ጥርሱን ሲፍቅ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

«ምን አለች?»

«‹አንተን አላገባሁም› አለችኝ።»

«ሌላስ?»

«‹ኦሉም አፍ አለው። መንግሥት ደመወዝ የሚከፍለው ለአፉ ነው። ራሱ ይምጣና ይናገር› አለች።»

ወንድሟ ዲዩ ደግሞ ጨምሯል። ዝናቡ ሳይገባ መጥቼ ካልተናገርኩ የጥሎሹ ዶቃ ይመለስልኛል። ዶቃው ተመለሰ ማለት ትዳሩ ፈረሰ ማለት ነው።

እሺ፣ ልሂድ። ሄጄ ምን ልበል? ምን መስማት እንደምትፈልግ እንኳ አላውቅም። አጎቴን ጠየቅኩት። «ሚስትህ ናት፤ እኔ በምን አውቃለሁ?» አለኝ። ከአቦቦ ያመጣውን ዓሣ ራሱ ጠብሶ ራሱ በላው።

አጓን እፈልጋታለሁ። ይሄን መጻፍ እችላለሁ። መናገር ላይ ነው ችግሩ።

ታኅሣሥ 15

ወይ ጉዴ። ወይ ጉዴ። ወይ ጉዴ።

አንድ ገበሬ ነው። ሚስቱ ዶርቃ ጥላው ሄዳ ወንድሞቿ ከልክለውታል። ተነሥቶ ተናገረ፤ እኔም እንደ ሁልጊዜው ከኋላ ከኋላው እየተከተልኩ ወደ አማርኛ መለስኩ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ቤቴ ባዶ ነው። ስገባ የሚያናግረኝ የለም። እንቅልፍ አጥቻለሁ። አጓን መልሱልኝ።»

ዳኛ ሰብስቤ መዝገቡን ገለጡ፣ እንደገና ገለጡ። «አጓ ማን ናት? እዚህ ዶርቃ ነው የሚለው።»

ከኋላ አንዱ «የአስተርጓሚው ሚስት ናት!» ብሎ ጮኸ። ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ዘበኛው ሳቀ። ከሳሹ ምን እንደሆነ ሳይገባው አብሮ ሳቀ። «አስተርጓሚው ተሳስቷል» ልል አፌን ከፈትኩ... ድምፅ የለም። ከባሮ እንደወጣ ዓሣ አፌ ብቻ ይከፈታል ይዘጋል።

ሰውየው «እንቅልፍ አጥቻለሁ» አላለም ነበር። እሱንም የጨመርኩት እኔ ነኝ።

ታኅሣሥ 16

ዳኛ ሰብስቤ ጠሩኝ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ጭራሽ ሻይ አዘዙልኝ። ሻይ ከቁጣ ይከፋል።

«ኦሉም፣ አንተ ከሌለህ ይሄ ችሎት ዲዳ ነው። ግን በዚህ ሁኔታ አላስገባህም። ለስደተኞቹ የመጣች የሥነ ልቦና ባለሙያ አለች፣ ሐሙስ ሐሙስ ክሊኒኩ ውስጥ ትቀመጣለች። ሂድና አናግራት።»

«ልቤ ደህና ነው፣ ጌታዬ።»

«ልብ አላልኩም። ልቦና!»

ክልል ከሆንን ወዲህ አዲስ ቢሮ አዲስ ስም ይዞ ይመጣል፤ ሁሉንም ወደ አኙዋክኛ መልሻለሁ። ይሄኛው አቃተኝ። ለአጎቴ «የሰው ሐሳብ የሚሰማ ሐኪም» አልኩት።

«መድኃኒት ይሰጣል?»

«አይሰጥም።»

«መርፌስ?»

«የለም።»

«ታዲያ ሐኪም ነው ወይስ ዘመድ?»

ታኅሣሥ 18

ሄድኩ። ጥሩነሽ በር ላይ ያዘችኝ። «ወዴት ነው በጠዋት?» «ወባ ልመርመር።» ወባ ይባረክ። ጋምቤላ ውስጥ ለሁሉም ነገር ሰበብ ይሆናል።

ክፍሉን ስፈራው ነበር። አልጋ የለ፣ መርፌ የለ። ሁለት ወንበር፣ አንድ ትንሽ ጠረጴዛ፣ ላዩ ላይ ሶፍት። ማን ሊናፈጥ ነው? እሷ ወጣት ናት፣ የጅማ ልጅ። «ዶክተር» አልኳት። «ዶክተር አይደለሁም። ፍርዶስ እባላለሁ።»

መጀመሪያ ሕጓን ነገረችኝ። እዚህ የተነገረ ከዚህ አይወጣም፣ ራሴን ወይም ሌላ ሰው ልጎዳ ካልሆነ በቀር። «ለዳኛ ሰብስቤስ?» «ለእሳቸውም አይነገርም።» ሳቄ መጣ። ጋምቤላ ውስጥ ከክፍል የማይወጣ ወሬ! በየሳምንቱ ሐሙስ፣ አንድ ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ እንገናኛለን። ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ አብረን እናያለን አለች። ጥያቄ ካልተመቸኝ «አልመልስም» ማለት እችላለሁ። እንዴት ደስ የሚል ሕግ ነው! ችሎት ላይ ይሄ ቢኖር ሁላችንም ሥራ እንፈታ ነበር።

ከዚያ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። እኔ ሌላ ሰው ሲናገር ነው የምናገረው። እሷ ደግሞ እኔ ስናገር ነው የምትናገረው። የግድግዳው እንሽላሊት ብቻ ይንቀሳቀሳል። ማን ያሸንፍ ይሆን?

እሷ ተሸነፈች። «ምን አመጣዎት?»

«አስተርጓሚው ችሎት ላይ ስህተት ሠርቷል።»

«አስተርጓሚው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ።»

«እንግዲያው እርስዎ ይንገሩኝ።»

አስቸጋሪ ሴት ናት። የችሎቱን ጉድ ነገርኳት፣ የአጓንም፣ የዶቃውንም። ሲያልቅ «መፍትሔውስ?» አልኳት። «ሐሙስ እንቀጥላለን» አለች። ያለ መርፌ፣ ያለ ኪኒን፣ ያለ ምክር! እንዲህ ከሆነ የአጎቴ ኦቹዶ ሕክምና ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ ይሳደባል።

ግን ዛሬ ሁለት ጊዜ ሳቅኩ። ከመቼ ወዲህ ነው የሳቅኩት?

ታኅሣሥ 25

«ልጆች አሉዎት?» አለችኝ። «የሉም» አልኩና ውሃዬን ጠጣሁ።

«ማታ ቤትዎ ሲገቡ ምን ይሰማዎታል?»

አሰብኩ። «ጉበቴ ይከብደኛል» አልኩ።

ብዕሯን አቆመች። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከክረምት።»

«ምግብ ይበላልዎታል? ዓይንዎ ቢጫ ሆኖ ያውቃል?»

«ዓይኔ?»

ከዚያ ወዲያ ስለ አጓ ወሬ የለም። ወረቀት ጽፋ ማዶ ወዳለው ላብራቶሪ ላከችኝ። «በዚህ ከተማ የጉበት በሽታ ብዙ ነው፣ ዛሬውኑ ይታዩ» አለች። እኔስ? «እሺ።» ሰው ያለኝን ሁሉ እሺ ማለት ነው የማውቀው። ደሜን ቀዱ። መርፌ የለም ብዬ ጽፌ ነበር አይደል?

ታኅሣሥ 26

የላብራቶሪው ልጅ ውጤቱን አየና «ጋሼ፣ ጉበትህ የበሬ ነው፤ ማን ነው ታመሃል ያለህ?» አለኝ።

መንገድ ላይ ገባኝ። ቆሜ ቀረሁ።

በእኛ ቋንቋ ሐዘንም ደስታም ጉበት ውስጥ ነው። ጉበትን «ችዊኝ» እንላለን። ሰው ሲደሰት ጉበቱ ጣፈጠ፣ ሲያዝን ጉበቱ ከበደ። ችሎት ላይ ስንት ሰው ጉበቴ ብሎኝ «ልቤ» ብዬ አልፌያለሁ! አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም። ለራሴ ሲሆን ግን አስተርጓሚ የለኝም፤ እንዳለ ወጣ።

ጥር 2

ተናድጄ ሄድኩ። መንገድ ሙሉ ተለማመድኩት። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ ለቀቅኩት።

«እናንተ አማርኛ ተናጋሪዎች ‹ሆድ ባሰኝ› ስትሉ ማን ወደ ሆድ ሐኪም ይልካችኋል? ‹አንጀቴ አረረ› ስትሉ ማን አንጀታችሁን ይመረምራል? ሆዳችሁ ይባባል፣ አንጀታችሁ ይላወሳል፣ አንጀታችሁ ይበላል፤ ሁላችሁም በሰላም ቤታችሁ ትገባላችሁ። አኙዋክ አንድ ቀን ጉበቴ ሲል ግን ደሙ ይቀዳል! ይሄ ፍትሕ ነው?»

ፍርዶስ መጀመሪያ ዓይኗ ፈጠጠ። ከዚያ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ አልቻለችም። ሳቀች፣ እንባዋ እስኪፈስ። ያ ሶፍት ለካ ለእሷ ነው የተቀመጠው! እኔም ሳቅኩ። የውጭው ተራ ጠባቂ በሩን ከፍቶ አየን። ይሄ ሁሉ ሳቅ ያለበት ሕክምና ምን ዓይነት ነው ሳይል አይቀርም።

«ይቅርታ» አለች በኋላ። «ምን ማለትዎ ነው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ።» ቀጠለች፦ «ግን አዩ? አሁን አስተርጓሚው አልነበረም የተናገረው። እርስዎ ነዎት፤ ያውም ተቆጥተው።»

እውነትም። ተቆጣሁ! ሰው ፊት! ምንም አልሆንኩም!

የቤት ሥራ ሰጠችኝ። በየቀኑ አንድ ዐረፍተ ነገር፣ በ«እኔ» የሚጀምር፣ እውነት የሆነ፣ ለሰው የሚነገር።

ጥር 3

«እኔ ይሄን ሙቀት ጠልቻለሁ።» ለፍየሏ ነገርኳት። አይቆጠርም መሰለኝ።

ጥር 4

ለጥሩነሽ። «እኔ... ሽሮሽ ጨው ይበዛበታል።»

ድስቱን ተቀብላ ሄደች።

ጥር 7

ሽሮ የለም። በሥነ ልቦና ምክንያት ተርቤያለሁ።

ጥር 8

ጥሩነሽ መጣች፣ ወገቧን ይዛ። «ስንት ወር ሙሉ ስልክልህ ‹በጣም!› እያልክ ትበላ አልነበር? ያኔ ጨው አልነበረውም?»

«ነበረው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም፣ አንተ ሞኝ! እኔ እኮ አኙዋክ ጨው ይወዳል ብዬ ሆን ብዬ ነው የምጨምረው!»

ወይ ጉድ። ለእኔ ብላ ነበር። አብረን ሳቅን፤ ከዚያ ጨው ልክ የሆነ ሽሮ ቀረበ። ወሬዋ ግን አላለቀም። ሐሙስ ሐሙስ የምሄደው ለወባ እንዳልሆነ ደርሳበታለች። «የወሬ ሐኪም አሉ! ታወሪያታለሽ፣ ትሰማሻለች፣ አታቋርጥሽም። እኔን ውሰደኝ እንጂ፣ እኔ ነኝ ወሬ የሞላኝ! አንተማ የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ ነህ። ለአገሩ ሁሉ ታወራለህ፣ ለሚስትህ ትዘጋለህ።»

ይቺ ሴትዮ ያለ ደመወዝ ነው የምትሠራው።

ጥር 23

ፍርዶስ ጾም ላይ ናት፤ ውሃው ለእኔ ብቻ ቀረበ። አፈርኩና አልጠጣሁም። «ለእኔ ብለው አይጠሙ» አለችኝ።

ዛሬ አባባል ተከራከርን። እኔ «ዝም አይነቅዝም» አልኳት። እሷ «እንዳልነቀዘ ከፍተው አይተውታል?» አለችኝ። እስካሁን እያሰብኩት ነው።

ልሂድ ወይስ አልሂድ አልኳት፣ አቦቦ። «እርስዎ ምን ይመስልዎታል?» ትላለች! እኔማ ቢመስለኝ ምን አስመጣኝ? ሐኪም ናት ወይስ የገደል ማሚቶ?

የካቲት 14

ዛሬ ፍርዶስ ስለ አቻን ጠየቀችኝ።

አቻን ልጃችን ናት። ነበረች። ሐምሌ ላይ ወባ ገደላት። መራመድ ጀምራ ነበር፣ ዶሮ እያባረረች። ስሟን እዚህ ስጽፍ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

ለፍርዶስ አልነገርኳትም ነበር። ዛሬ ስለ ክረምቱ ስናወራ ከአፌ ወጣ፣ «አቻን ከሞተች ወዲህ» አልኩ። አልደነገጠችም። «አቻን ማን ናት?» አለች። ነገርኳት። ሐኪሙ ደግ ሰው ነበሩ፣ ሌሊቱን ሙሉ አልተኙም፤ ወባው ጭንቅላቷ ላይ ወጥቶ ነበር። አኙዋክኛ አያውቁም። አጓ ከገበያው ያለፈ አማርኛ አትሰማም። በመካከል እኔ።

«አጓ በምን ሰማች?»

«እኔ ነኝ የነገርኳት።»

«ያሏትን እንዳለ ሊነግሩኝ ይችላሉ?»

እንዳለ መንገር ሥራዬ ነው። ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩና ነገርኳት። «የምችለውን ሁሉ አድርጌያለሁ። ልጅሽን ላተርፋት አልቻልኩም። በጣም አዝናለሁ። እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

«ይሄ የሐኪሙ ቃል ነው» አለች ፍርዶስ።

«አዎ። ቃል በቃል።» እንዲያውም ኮራ ብዬ ነው ያልኩት።

«አባቷስ? አባቷ ምን አለ?»

«አባቷ እያስተረጎመ ነበር።»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት።

ልጅሽ። አጓን ልጅሽ አልኳት። እግዚአብሔር ያጽናሽ አልኳት፣ ለቀብር ብቅ እንዳለ ሰው። የገዛ ልጄ አልጋ ላይ ተኝታ። አጓ ያኔ ፊቴን አየችኝ፤ የምትጠብቀው ነገር እንዳለ ሁሉ ዓይኗን አልነቀለችም። እኔ ደግሞ ሐኪሙ ሌላ የሚሉት ካለ ብዬ ወደ እሳቸው ዞርኩ። ከዚያ ወዲያ ቤት ውስጥ ምን ብዬ እንደምጀምር አላወቅኩም፤ ወር አለፈ፣ መስከረም ጠባ፣ ሄደች።

አለቀስኩ። ሰው ፊት፣ ያውም ሴት ልጅ ፊት፣ ጎልማሳው ሰውዬ። ሶፍቱ አለቀ። ፍርዶስ አላቋረጠችኝም። ጊዜው ሲያልፍም አላስወጣችኝም።

የካቲት 15

ተኝቼ ዋልኩ። ጥሩነሽ «ወባ ነው?» አለችኝ። «አይደለም፣ ልጄ ናት» አልኳት። ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ቃል አላወራችም።

የካቲት 28

ጠዋት ከደቡብ በኩል ደመና አየሁ። ዝናቡ ሊገባ ነው?

ለፍርዶስ «እኔ እሄዳለሁ» አልኳት። ልሂድ ወይ አላልኩም። «ምን ሊሏት አስበዋል?» ብላ ጠየቀችኝ። አንድ ገጽ ሙሉ ንግግር አነበብኩላት፤ ወንዝ አለበት፣ ዛፍ አለበት፣ ሁለት አባባል አለበት። አዳመጠችና «ቆንጆ ነው። ማን ነው የሚናገረው?» አለች።

ቤት ስደርስ ቀደድኩት።

መጋቢት 7

ከአቦቦ አሁን መግባቴ ነው።

አጎቴ ኦቹዶ አብሬህ ካልሄድኩ ብሎ ሞተ። «ወጉ ይሰበራል፣ ሰው ምን ይላል?» የጭነት መኪናው ላይ ከከሰል ጆንያ መሃል ቁጭ ብሎ ንግግሩን ሲለማመድ ሾፌሩ ሳይቀር አጨበጨበለት።

ግቢያቸው ማንጎው ሥር ተቀመጥን። ዲዩ ፊቱን አኮሳትሯል። አማቴ እንደ ወጉ ፊት ለፊት አልመጣችም፤ ከጎጆው ጀርባ ናት፣ ግን ማዳመጧን ሳሏ ያስታውቃል። አጓ መጣች። ከሳች። የማውቀው ሰማያዊ ቀሚስ ሰፍቷታል። አላየችኝም።

አጎቴ ተነሣ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «ወንዝ ሁለት ዳር አለው...»

«አጎቴ» አልኩ። «ይቅርታ አድርግልኝ። ተቀመጥ።»

ተቀመጠ! እኔም ደነገጥኩ፣ እሱም ደነገጠ። ዲዩ እየተነሣ «ምን አልክ?» አለ። አጓ ቀና አለች።

ቆሜ ምን እንዳሰብኩ አላስታውስም። ቃሉ ግን ወጣ።

«አጓ፣ ልጃችን ሞተች።»

እንደ አዲስ። ልክ ዛሬ እዚያው ሆስፒታል እንዳለን። «አቻን ሞተችብን። ልጄ ሞተችብኝ። እኔ አባቷ ነኝ፣ ላድናት አልቻልኩም። ጉበቴ ከብዶኛል። ብቻዬን መሸከም አቅቶኛል።»

«አሁን ነገርከኝ» አለች አጓ። «እኔ እስከ ዛሬ ለብቻዬ ነበር ሳለቅስ የነበረው። ልጅቷ የእኔ ብቻ መስላኝ ነበር።»

ከዚያ ጮኸች። ከጎጆው ጀርባ አማቴ ተቀበለቻት። የጎረቤት ሴቶች እሪታውን ሰምተው እየሮጡ መጡ፤ «ማን ነው የሞተው? ማን ነው?» «አቻን!» «የቷ አቻን?» «የአጓ ልጅ!» «እሷ እኮ ክረምት ላይ...» አንዷ ግራ ገብቷት ቆመች። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠችና አብራ አለቀሰች። ግቢው ሞላ። አጎቴ ኦቹዶ፣ ያ አፈኛ፣ ንግግሩን ረስቶ እንደ ሕፃን ይነፋረቃል። ዲዩ ፊቱን ወደ ማንጎው አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እኔና አጓ መሃል ላይ ነበርን። እጄን ይዛኝ ነበር። መቼ እንደያዘችኝ አላውቅም።

ስለ ዶቃ ማንም አላነሣም።

ስንሰነባበት «እናቴን ላግዛትና እመጣለሁ» አለች። አጎቴ በመኪናው ላይ ንግግሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለሾፌሩ አሰማው። ምን ያድርግ፣ ተዘጋጅቶ ነበር።

መጋቢት 12

ለፍርዶስ ነገርኳት። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ሶፍቱን ወደ እሷ ገፋሁላት።

«ጨረስን?» አልኳት።

«እርስዎ ምን ይመስልዎታል?»

ይሄ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቅ ነበር። ዛሬ ግን መልስ አለኝ። «እኔ ገና ነኝ፣ መምጣት እፈልጋለሁ» አልኩ። ሐሙስ ተባባልን።

ዳኛ ሰብስቤ ሰኞ ወደ ችሎት ተመለስ ብለውኛል። ያለ ሻይ።

ሚያዝያ 19

ከአጓ ጋር ተጣላን!

ከመጣች ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ምክንያቱ አልጋ። ዝናቡ ደመና ብቻ እያሳየ ይዞራል፣ ቤቱ ምድጃ ሆኗል። እኔ አልጋው ውጭ ይውጣ አልኩ። እሷ እባብ አለ፣ ትንኝ አለ፣ ጥሩነሽ አለች፣ አይወጣም አለች። በፊት ቢሆን «እሺ» ብዬ በላብ አድር ነበር። ዛሬ «አይሆንም! እኔ እዚህ ውስጥ አልተኛም!» አልኩ። ቆመች። አየችኝ። ከዚያ በሙሉ ድምፅዋ ወረደችብኝ፤ ከስምንት ዓመት ወዲህ ያጠፋሁትን ሁሉ፣ አንዱን ሳታስቀር። እኔም አልተኛሁላትም። ዶሮው ሸሸ።

ጥሩነሽ ነጠላዋን እየጎተተች ደረሰች። «በስመ አብ! ምን ሆናችሁ? ምን እያለችህ ነው? ንገረኝ እንጂ!»

«ጥሩነሽ፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው። አልሠራም።»

አጓ በገበያ አማርኛዋ «አንቺ ቤት ሂጂ!» አለቻት። ጥሩነሽ አልተቀየመችም። እስከ በሯ እየሳቀች ሄደች፣ ከዚያም ወዲያ ሳቋ ይሰማል።

አልጋው በሩ ላይ ተቀርቅሯል፤ ግማሹ ውጭ፣ ግማሹ ውስጥ። እኔ ይሄን ልጽፍ ብዬ ጥግ ይዣለሁ፤ እሷ ከውስጥ ስሜን እየጠራች ትጮህብኛለች።

በቃ፣ ልነሣ። የምለው አለኝ።